ሣጥን ውስጥ ያለው ድምፅ ለማን ይሰጥ?

የመንግሥት ሠራተኛ ከአንድ አገር ወደ ሌላው ሲዛወር፥ ወይም ጡረታ ወጥቶ ወደ ትውልድ ቀበሌው ሲመለስ፥ ዕቃውን ጭኖ ከመነሣቱ አስቀድሞ የሚፈርደው አንድ ፍርድ አለ። አልጋውና ወንበሩ፥ ድስቱና ምንጣፉ ይጫናል፤ ከአልጋ ሥር የኖረው ሣጥን ግን ይቀራል። በዚያ ሣጥን ውስጥ ማጫወቻው የተበላሸበት ሸክላ፥ ክሩ የላላ ካሴት፥ የቪዲዮ ካሴት፥ የፊልም ዲስክ፥ ልጆች አድገው የተዉት የጨዋታ ዲስክ ይገኛል። በማግሥቱ ቆራሌው በደጅ ሲጣራ ሣጥኑ ለጥቂት ብር ተሸጦ በጆንያ ይሄዳል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ሣጥን ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ታሪክን መርምሮ ለሚያይ ሰው፥ የአንድ ሕዝብ ድምፅና መልክ የሚድነውም የሚጠፋውም እንዲህ ባለው ቀን መሆኑ ግልጽ ነው።

ለዚህ ምስክር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደሴ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብንጓዝ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እንደርሳለን። ዓመቱን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የምንጠቅስ ስለ ሆነ፥ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ለዚህ ገዳም አንድ ወንጌል የሰጡት በ1273 ዓ.ም. ገደማ ነው። ስጦታው መሰጠቱም በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ተጽፏል። እኒሁ አባት ለገዳሙ ያበረከቷቸው መጻሕፍት ዝርዝርም ከሰማንያ በላይ ሆኖ ተመዝግቦ ይገኛል። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ማለት ከብራና ላይ የሚገኝ የሰው ቃል ማከማቻ ነበር፤ ዛሬ ሸክላውና ካሴቱ፥ ፊልሙና ዲስኩ የሚሠሩትን ሥራ ያን ጊዜ የሚሠራው እርሱ ነበር። አባቶቻችን መጽሐፍ ሲሰጡ ማን እንደ ሰጠ፥ ለማን እንደ ሰጠ መጻፍ፥ ሰርቆ የሚወስደውንም በግዝት መከልከል ልማዳቸው ነበር። ስለዚህ ስጦታ ማለት ዕቃን ከቤት ማስወጣት ብቻ አለመሆኑን፥ ይልቁንም ዕቃውን ከነስሙና ከነባለቤቱ ለሚጠብቅ ሰው ማስረከብ መሆኑን ወሎ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ያውቀው ነበር ማለት ነው።

የዚህን ተቃራኒ ያየችውም ይህችው ወሎ ናት። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደርና ከሌላም ስፍራ ያሰባሰቧቸው በብዙ መቶ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በመቅደላ አምባ ተከማችተው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሠውተው አምባው በእንግሊዝ ጦር እጅ በወደቀ ጊዜ ግምጃ ቤቱ ተዘረፈ፤ ዕቃውም በዐሥራ አምስት ዝሆኖችና ሁለት መቶ በሚያህሉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደና በዚያ በጨረታ ተሸጠ። ከመጻሕፍቱ ሦስት መቶ ኀምሳ የሚያህሉት ዛሬ በሎንዶን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። የወሎ ተማሪ በአገሩ ተራራ ላይ የነበረውን መጽሐፍ ለማየት ባሕር መሻገር ግድ ሆነበት።

አሁን ወደ ድምፅ እንለፍ። የድምፅ መቅጃ መሣሪያ በአሜሪካዊው በቶማስ ኤዲሰን በ1870 ዓ.ም. ከተፈለሰፈ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፥ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃላቸውን በሰም ጥቅልል ላይ ቀድተው ላኩ። ጥቅልሉ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ንግሥቲቱ አስቀድመው አሳስበው ስለ ነበር እንደ ቃላቸው ተሰበረ፤ ያ ድምፅም ዛሬ የለም። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በ1891 ዓ.ም. ቀድተው የላኩት መልስ ግን ተጠብቆ ስለ ቆየ እስከ ዛሬ ይሰማል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት መሣሪያ የተቀዱ፥ በአንድ ዘመን የተነገሩ ቃላት ናቸው፤ የለያቸው ጠባቂ ማግኘትና ማጣት ብቻ ነው።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም በ1900 ዓ.ም. ገደማ ስለ አውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ሳሉ፥ ቤካ ለሚባለው የሸክላ ኩባንያ በመሰንቆ እየተጫወቱ ዘፈናቸውን ቀዱ። የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ ታትሞ ለገበያ ሲቀርብ ይህ የመጀመሪያው ነበር። እነዚያ ሸክላዎች ከተቀዱ ከመቶ ዓመት በኋላ እንደገና በሲዲ ታትመው ለመሰማት በቅተዋል። ይህም ሊሆን የቻለው ቅጂዎቹን አላስፈላጊ ናቸው ብሎ ያልጣለ ሰው በመኖሩ ነው። ሸክላ በቀላሉ የሚሰበር ዕቃ ነውና፥ በእነዚያ መቶ ዓመታት ውስጥ በየቤቱ ስንቱ ተሰብሮ እንደ ተጠረገ አንባቢ ራሱ ሊገምት ይችላል።

ይህን ነገር የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ከሌላው ይበልጥ ሊያስብበት ይገባል። የዘፈናችን ቅኝቶች አራት ናቸው ሲባል ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይቆጠራሉ። ከአራቱ የሁለቱ ስም የወሎ ምድር ስም ነው፤ አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን የሚታየው ተራራ፥ ባቲም ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ በሰኞ ገበያዋ የታወቀችው ከተማ ናት። የሸክላ ኅትመት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ሥራ ሆኖ ሳለ፥ በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ደፍሮ ሸክላ ማሳተም ጀመረና እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላዎች አወጣ። ሸክላዎቹ የሚታተሙት በውጭ አገር ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ አታሚዎች ከየኅትመታቸው ሦስት ሦስት ቅጂ ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት እንዲያስገቡ የሚያዝዝ ሕግ ሲወጣም፥ ሕጉ የሚናገረው በአገር ውስጥ ስለሚታተም ሥራ ነበር። እንግዲህ የእነዚያ ሸክላዎች እውነተኛው መዝገብ ቤት ገዝቶ ያደመጣቸው ሰው ቤት ሆነ።

ከ1970 ዓ.ም. ገደማ ወዲህም ካሴት የሸክላን ቦታ ወሰደ። ማሪቱ ለገሰን የመሰሉ ድምፃውያን የታዩበት የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድንና ሌሎችም ቡድኖች በየመድረኩ ሲጫወቱ ቴፕ ያለው ሰው ይቀዳ ነበር። ከራዲዮ የቀዳ አለ፤ የወንድሙን ሠርግ የቀዳ አለ፤ የትምህርት ቤቱን ቴአትር የቀዳ አለ። ከደሴ ተነሥቶ በዶሮ መዝለያ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው አውቶቡስ ውስጥ የማይዘፍን ካሴት አልነበረም ማለት ይቻላል። ይህ ሁሉ ክር ዛሬ የት ነው? ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ከላይ ያነሣነው ሣጥን ነው።

ስለ ፊልም ደግሞ የወሎ ሕዝብ የከፈለው ዋጋ ከሁሉ ይከብዳል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን በፈጀ ጊዜ፥ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። የሎንዶን ሰው የወሎን ረሃብተኛ ፊት ለፊት አየ፤ የአዲስ አበባ ሰው ግን ያን ፊልም በቴሌቪዥን ያየው ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀር፥ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፥ ከቤተ መንግሥት ድግስ ትርዒት ጋር ተቀላቅሎ በቀረበለት ጊዜ ነበር። በማግሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። ከዐሥር ዓመት በኋላም በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፥ ያን ጊዜ በወሎ ሥር በነበረችው በኮረም የተነሣው የቢቢሲ ፊልም ዓለምን አስለቀሰ። እነዚህ ፊልሞች ከነዝርዝራቸው ተጠብቀው የኖሩት በውጭ አገር ነው። ስለ ራሳችን እኛ ራሳችን የቀዳነው ደግሞ፥ ልደቱና ሠርጉ፥ መድረኩና ገበያው፥ በየቤታችን ሳይመዘገብ ይበሰብሳል። እንዲህ ከሆነ የወሎ ሰው በመጪው ዘመን በፊልም ላይ የሚገኘው ሲራብ ብቻ ሊሆን ነው። ሲዘፍን፥ ሲድር፥ ሲነግድና ሲጫወት የታየበት ሊጠፋ አይገባውም።

«እንግዲያስ ሁሉን ሰብስቦ ከአንድ ግምጃ ቤት ማስገባት ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። ለዚህ የ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር መልስ ይሰጣሉ። በዚያ ጊዜ በነበረው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ከአንድ ወር በላይ ሲቆዩ የደሴ ሙዚየምም የወሎ ዩኒቨርሲቲም ለዘረፋ ተጋለጡ። በአንድ ቤት ብቻ ያለ ነገር ከቤቱ ጋር ይጠፋል። ስለዚህ መስጠትና ማባዛት አብረው ሊሄዱ ይገባል፤ ሰጪው ቅጂ ያስቀር፥ ተቀባዩም ቅጂ አድርጎ ለሌላ ከተማ ያካፍል።

ስለ አሰባሰቡ ብንናገር፥ ዕቃን ከየቤቱ እየዞሩ መሰብሰብ በዓለምም በአገራችንም የታወቀ ነገር ነው። በ1894 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ኤድጋር ሄልምስ የተባሉ ቄስ ለየቤተ ሰቡ ጆንያ እያደሉ ያረጀ ልብስና ዕቃ አሰባሰቡ፤ ሥራ ያጡትን ሰዎች ዕቃውን በማደስ ሥራ አሠማሯቸው። ጉድዊል የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት የበቀለው ከዚህ ነው። በኋላም በዚያ አገር ሰዎች የማይፈልጉትን ፊልምና ዘፈን፥ የጨዋታ ዲስክም፥ ከደጃቸው ለሚሰበስብ መኪና መስጠት ለመዱ። በእኛም ዘንድ ቆራሌው አለ። ስሙ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ መጣ ይባላል። ቆራሌውን መንቀፍ አይገባም፤ በአዲስ አበባ ምናለሽ ተራ እንደሚታየው፥ የተጣለ ዕቃ ሁለተኛ ሕይወት የሚያገኘው በእርሱ ድካም ነው። ሆኖም ቆራሌው የሚጠይቀው የዕቃውን ክብደትና ዋጋ ነው፤ ማን እንደ ዘፈነ፥ መቼና የት እንደ ተቀዳ ሊጠይቅ ሥራው አይደለም። ይህን የሚጠይቅ ሰው፥ የትምህርት ቤት መምህርም ሆነ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፥ በየደጁ ቢዞር የጎደለው ይሟላል። በሽምግልና ምክንያት ሣጥን ተሸክመው መውጣት የማይችሉ ሰዎች ብዙ ናቸውና፥ ተቀባዩ ወደ ሰጪው ቢሄድ ይሻላል።

አንባቢ ሆይ፥ እስከዚያው ድረስ በእጅህ ያለውን በሦስት ክፈለው። አንደኛው በብዛት የታተመና በየገበያው የሚገኝ የውጭ ፊልም፥ ዘፈንና የልጆች ጨዋታ ነው፤ ይህ ለወጣቶች ማዕከል፥ ለትምህርት ቤት ወይም ለችግረኛ ልጆች ቢሰጥ ደስታን ይሰጣል። ሁለተኛው የቀድሞ የአገር ዘፈን ሸክላና ካሴት፥ የአገር ፊልምም ነው፤ ይህ ለቤተ መጻሕፍት፥ ለሙዚየም ወይም ለዩኒቨርሲቲ ይገባል። ሦስተኛው በቤትህ ወይም በመድረክ የተቀዳ፥ በዓለም ላይ ሌላ ቅጂ የሌለው ነው፤ ይህን ሳታባዛ ከእጅህ አታውጣ። በእያንዳንዱ ላይ የተቀዳበትን ዘመን፥ ቦታና የሰዎቹን ስም በእርሳስ ጻፍ። የገዛኸውን ዕቃ መስጠት መብትህ ነው፤ አባዝቶ መሸጥ ግን የደራስያንንና የዘፋኞችን መብት በሚጠብቀው በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው። የደሴ ጭጋግና እርጥበት የካሴትን ክር ያበላሻል፥ የኮምቦልቻ ሙቀትም ሸክላን ያጎብጣልና፥ ነገ እሰጣለሁ ማለት አይበጅም። ዩኔስኮም በ2011 ዓ.ም. የካሴትና የቪዲዮ ክር ማጫወቻ መሣሪያዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዓለም እየጠፉ እንደሚሄዱ አስጠንቅቋል።

«ሁሉም በስልኬ ውስጥ አለ» ብሎ የሚመልስ ወጣት አይጠፋም። በስልክ ውስጥ የሚገኘው ግን ሌላ ሰው ሳይጥል ጠብቆ የጫነው ብቻ ነው። የጨዋታ ዲስክንም «ይህ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ብሎ መናቅ አይገባም። በአማርኛ የአዝማሪው ዘፈን ጨዋታ ይባላል፤ የሽማግሌው ወግ ጨዋታ ይባላል፤ ገበጣውም ጨዋታ ነው። የነጋድራስ ተሰማ ሸክላም በጊዜው ጨዋታ ነበር፤ ዛሬ ግን የታሪክ ምስክር ሆኗል።

ከእንግዲህ ወዲህ የዝውውር ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ወይም ቤት ስትለውጡ፥ ያን ሣጥን አስቀድማችሁ ክፈቱት። ከሐይቅ ገዳም ወንጌል ውስጥ የሰጪው ስም ሰባት መቶ ዓመት አልፎ ሲነበብ እናያለን፤ በመቅደላ ግን የተዘረፈው እስከ ዛሬ ይፈለጋል። በደሴና በኮምቦልቻ በየቤቱ ያለው ድምፅ ከሁለቱ ወደየትኛው እንደሚሄድ የሚወስኑት የቤቱ ባለቤቶች ናቸው።