የዝምታ ትርጓሜ፦ የሩቅ ቅርንጫፎችን ኔትወርክ ያለ ኤጀንት በፒንግ መከታተል

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ፒንግ የርቀት ኔትወርክን ለመከታተል ከሚያገለግሉ መሣሪያዎች ቀላሉና ርካሹ ነው፤ በሚጠየቀው መሣሪያ ላይ አንዳች ሶፍትዌር መጫን አይሻም። ቀላልነቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከአቅሙ በላይ እንዲታመን አድርጎታል። ይህ ጽሑፍ፣ ፒንግ የሚለካው ከመለኪያው ነጥብ እስከ አንድ አድራሻ ያለውን የደርሶ መልስ መንገድ ስለሆነ፣ የቅርንጫፉን ሁኔታ በቀጥታ አይናገርም ሲል ይሞግታል። የክትትሉ ጥራትም የሚወሰነው በሦስት የንድፍ ጥያቄዎች ነው፦ ምን ይጠየቅ? ከየት ይጠየቅ? ስንት ዝምታ ነው «ወደቀ» የሚያሰኘው?

1. መግቢያ

በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ «ሲስተም የለም» ሲባል ደንበኛው የሚሰማው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ከጀርባው ያለው ምክንያት ግን ብዙ ሊሆን ይችላል። መብራት ጠፍቷል፤ ፋይበሩ በመንገድ ሥራ ቁፋሮ ተቆርጧል፤ የቪሳት (የሳተላይት መገናኛ) ዲሹ አቅጣጫውን ስቷል፤ ራውተሩ ደርቋል፤ ወይም ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ሰርቨር ራሱ ወድቋል። ምክንያቱ በተለያየ ቁጥር የሚላከው ሰውም ይለያል፦ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የቴሌኮም ባለሙያ ወይም የድርጅቱ የራሱ ቴክኒሻን።

በኢትዮጵያ ይህ ችግር የቆየ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ የተዘረጉት ወረዳ ኔት እና ስኩል ኔት፣ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችንና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በሳተላይት ከማእከል ሲያገናኙ፣ የኔትወርክ ባለሙያ በአቅራቢያው የሌለበትን ጣቢያ ከአዲስ አበባ ሆኖ የመከታተል ሥራም አብሮ መጣ። ዛሬ ፋይበር፣ ቪሳትና የሞባይል ዳታ በአንድ ድርጅት ውስጥ ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

የክትትል ዘዴዎች በጥቅሉ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ ኤጀንት፣ ማለትም የውስጥ ሁኔታን እያነበበ ወደ ማእከል የሚልክ ሶፍትዌር፣ የሚጭን ነው። ሁለተኛው ምንም ሳይጭን ከውጭ የሚጠይቅ ነው። ኤጀንት የዲስክንና የማስታወሻን ይዞታ ሳይቀር ይነግራል፤ ነገር ግን በራውተር፣ በካሜራ ወይም በአቅራቢው በተቆለፈ ኤቲኤም ላይ እንደ ልብ አይጫንም። ከውጭ መጠየቅ ለሁሉም ይሠራል። ዋጋው ደግሞ የሚገኘው መረጃ ጥቂት መሆኑ ነው፤ ጥቂቱን መረጃ በሚገባ የመተርጎም ኃላፊነትም በንድፍ አውጪው ላይ ይወድቃል።

2. የመሣሪያው ምንነት

ፒንግ የሚጠቀምበት አይሲኤምፒ የተባለው ፕሮቶኮል በጆን ፖስቴል አዘጋጅነት አርኤፍሲ 792 በተባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ የወጣው በሴፕቴምበር 1981 እ.ኤ.አ. ነው። በውስጡ ዓይነት 8 የማሚቶ ጥያቄ፣ ዓይነት 0 የማሚቶ ምላሽ ተብለው ተደንግገዋል። ማይክ ሙስ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የባሊስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ ሳለ በዲሴምበር 1983 የፒንግን ፕሮግራም ጻፈ። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 1122 ደግሞ እያንዳንዱ የኢንተርኔት መሣሪያ ለማሚቶ ጥያቄ የሚመልስ ክፍል እንዲኖረው አስገደደ። ያለ ኤጀንት መከታተል የተቻለው በዚህ ድንጋጌ ምክንያት ነው፤ መላሹ ክፍል ከመሣሪያው ስርዓተ ክወና ጋር ተሠርቶ ይመጣል።

ጥያቄው መለያና ተራ ቁጥር ይይዛል፤ መላሹም ሁለቱን እንዳሉ ይመልሳል። ከዚህ ሦስት ነገር ይገኛል፦ ምላሽ መኖሩ፣ የደርሶ መልሱ ጊዜ፣ ከተላኩት ውስጥ የጠፉት ድርሻ። በሊኑክስ የተለመደው ፒንግ ከነራስጌው 84 ባይት ነው። ለአንድ ቅርንጫፍ በየደቂቃው 5 ቢላክ በአንድ አቅጣጫ በአማካይ በሰከንድ 56 ቢት ብቻ ይወስዳል። 64 ኪሎ ቢት ባለው ጠባብ መስመር ላይ እንኳ ከሺህ አንድ አይሞላም። ስለዚህ በገጠር መስመሮች ላይ ፒንግን መፍራት አያስፈልግም፤ ጥንቃቄ የሚሻው አተረጓጎሙ ነው።

3. ምን ይጠየቅ?

በብዙ ድርጅቶች የሚታየው አሠራር ለአንድ ቅርንጫፍ አንድ አድራሻ መመዝገብ ነው። ይህ «መልስ የለም» ከማለት አልፎ የችግሩን ቦታ አይጠቁምም። የተሻለው በመንገዱ ላይ ተከታታይ ደረጃዎችን መጠየቅ ነው፦ በአገልግሎት ሰጪው በኩል ያለውን የመጨረሻ ራውተር፣ የቅርንጫፉን ራውተር ውጫዊ አድራሻ፣ ከራውተሩ ወዲያ ያለ አንድ የውስጥ መሣሪያ። የመጀመሪያው መልሶ ሁለተኛው ዝም ካለ ችግሩ የመጨረሻው መስመር ወይም የቅርንጫፉ ኃይል ነው። ሁለተኛው መልሶ ሦስተኛው ዝም ካለ ችግሩ ከግቢው ውስጥ ነው፤ ለቴሌኮም መደወል ትርፉ ድካም ይሆናል። ለውስጥ ኢላማነት የሠራተኛ ኮምፒውተር አይመረጥም፤ ማታ ይጠፋል፣ የዊንዶውስ ፋየርዎልም አብዛኛውን ጊዜ የማሚቶ ጥያቄን ይዘጋል። የስዊች ማስተዳደሪያ አድራሻ ይሻላል።

የመብራት መጥፋትን በፒንግ ብቻ ለመለየት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። በቅርንጫፉ ውስጥ ሁለት ኢላማ ይመረጣል፤ አንዱ ዩፒኤስ ላይ የተሰካው ራውተር፣ ሌላው ሆን ተብሎ በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት የተሰካ። መብራት ሲጠፋ በግድግዳው ላይ ያለው ወዲያው ዝም ይላል፤ ራውተሩ መመለሱን ይቀጥላል፤ ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ ይከተላል። መስመሩ ከተቆረጠ ግን ሁለቱም በአንድነት ነው ዝም የሚሉት። በሁለቱ ዝምታዎች መካከል ያለው ጊዜ በየወሩ ሲመዘገብ የባትሪው መዳከምም አብሮ ይነበባል።

ሁለት መስመር ያለው ቅርንጫፍ ሌላ ወጥመድ አለበት። የራውተሩ የውስጥ አድራሻ ብቻ ከተጠየቀ፣ ዋናው ፋይበር ተቆርጦ ትራፊኩ ወደ መጠባበቂያው ቢዞርም ምላሹ ስለማይቋረጥ ማንም አያውቅም። የሚታወቀው መጠባበቂያውም የወደቀ ዕለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር በየራሱ አድራሻ መጠየቅ አለበት። አድራሻውን መለየት ብቻውንም አይበቃም፤ ጥያቄውም ምላሹም በዚያው መስመር እንዲሄዱ ቋሚ የመንገድ ትእዛዝ በሁለቱም ጫፍ ካልተሰጠ፣ የዋናው መስመር አድራሻ በመጠባበቂያው በኩል ዞሮ ሊመልስ ይችላል።

በሞባይል ዳታ የተገናኘ ቅርንጫፍ ደግሞ ከዝምታ ይልቅ ሐሰተኛ ምላሽ ያሰጋዋል። አገልግሎት ሰጪዎች በርካታ ደንበኞችን ከአንድ የሕዝብ አድራሻ ጀርባ ስለሚያኖሩ፣ ለዚህም በ2012 እ.ኤ.አ. በአርኤፍሲ 6598 የተለየ የአድራሻ ክልል ስለተመደበ፣ ከውጭ ለሚመጣ ፒንግ የሚመልሰው የኩባንያው መሣሪያ ሊሆን ይችላል። አድራሻው ተለዋዋጭ ከሆነም ትናንት የቅርንጫፉ የነበረው ዛሬ የሌላ ደንበኛ ይሆናል፤ ሰሌዳው ላይ አረንጓዴ መብራት እየታየ ቅርንጫፉ ተዘግቶ ይውላል። መፍትሔው ቅርንጫፉ ራሱ ወደ ማእከል የቪፒኤን ዋሻ እንዲከፍት ማድረግና በዋሻው ውስጥ ያለውን አድራሻ መጠየቅ ነው።

4. ከየት ይጠየቅ?

ክትትሉ በዋናው መሥሪያ ቤት ካለ አንድ ሰርቨር ብቻ የሚካሄድ ከሆነ፣ የዋናው መሥሪያ ቤት መስመር ሲቋረጥ ሁሉም ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ሦስት መቶ ማንቂያ በአንድ ደቂቃ የደረሰው ተረኛ ባለሙያ ከሁሉ አስፈላጊ የሆነውን አንዱን አያየውም። ናጊዮስ የተባለው የክትትል ሶፍትዌር ለዚህ የወላጅና የልጅ ግንኙነት እንዲመዘገብ ይፈቅዳል፤ ወላጁ ዝም ካለ ልጁ «ወድቋል» መባሉ ቀርቶ «አይደረስበትም» ይባላል። ሌላው የክትትል ሶፍትዌር ዛቢክስም በማንቂያዎች መካከል ጥገኝነትን በማስመዝገብ ተመሳሳይ ውጤት ያስገኛል። ጥገኝነቱን በትክክል ለመመዝገብ ግን የመንገዱ ካርታ መታወቅ አለበት፤ ይህም የሶፍትዌሩ ሳይሆን የባለሙያው ሥራ ነው።

ሁለተኛ የመለኪያ ነጥብ፣ የተቻለ እንደሆነ በሌላ አገልግሎት ሰጪ መስመር ላይ፣ መኖሩ የተለየ ጥቅም አለው። አንደኛው ነጥብ የማያየውን ሁለተኛው ካየው፣ የታመመው ቅርንጫፉ ሳይሆን መንገዱ ነው። ሁለቱ ነጥቦች እርስ በርስ ከተጠያየቁ ደግሞ የክትትሉ ሰርቨር ራሱ ሲሞት የሚናገር ይኖራል። አለበለዚያ የሞተ ሰርቨርና ሰላማዊ ሌሊት በባለሙያው ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም ማንቂያ አይልኩም።

5. ስንት ዝምታ ይበቃል?

በምሳሌ እንየው። 300 ቅርንጫፎች በየደቂቃው አንድ ጊዜ ቢጠየቁ በቀን 432,000 ጥያቄ ይሆናል። በመስመሮቹ ላይ ከመቶ ሁለት ፓኬት በዘፈቀደ ቢጠፋና እያንዳንዱ የጠፋ ጥያቄ ማንቂያ ቢያስነሳ፣ በቀን 8,640 ሐሰተኛ ማንቂያ ይደርሳል። በየዙሩ ሦስት ተልኮ ሦስቱም ሲጠፉ ብቻ ማንቂያ ቢነሳ ግን ቁጥሩ በቀን ወደ 3 ወይም 4 ይወርዳል። ሦስት ጊዜ መጠየቅ ሐሰቱን ከሁለት ሺህ እጥፍ በላይ ይቀንሳል።

ይህ ስሌት ግን እያንዳንዱ ፓኬት ከሌላው ተለይቶ በዘፈቀደ ይጠፋል በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። በተግባር ፓኬት የሚጠፋው በጅምላ ነው፤ መስመሩ በተጨናነቀበት ወይም ዝናብ የሳተላይቱን ምልክት ባዳከመበት ቅጽበት በተከታታይ የተላኩት ሁሉ ይቀራሉ። ስለዚህ ሦስቱን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከመላክ ይልቅ በደቂቃው ውስጥ ማከፋፈል ይበጃል። የካሊፎርኒያው የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ትሪኖኩላር የተባለ ስልት ከዚህም ይራቀቃል። በየ11 ደቂቃው አንድ የአድራሻ ክፍልን ይጠይቃል፤ ምላሽ ካጣ አይፈርድም፣ ጥርጣሬው እስኪጠራ ድረስ ተጨማሪ ጥያቄዎችን ይልካል፣ እያንዳንዱ መልስ ወይም ዝምታም ግምቱን በይሆንታ ሕግ ያሻሽለዋል። ለድርጅት ኔትወርክም መርሁ ይሠራል፦ በሰላም ጊዜ ጥቂት፣ በጥርጣሬ ጊዜ ብዙ መጠየቅ።

የጥያቄው ድግግሞሽ ከውል ጋርም ይያያዛል። 99.9 በመቶ ተገኚነት የሚያስገድድ ውል በ30 ቀን ወር ውስጥ የሚፈቅደው መቋረጥ 43.2 ደቂቃ ነው። በየ5 ደቂቃው የሚጠይቅ ክትትል የ4 ደቂቃን መቋረጥ ጭራሽ ላያየው ይችላል፤ ካየውም 5 ደቂቃ አድርጎ ይመዘግበዋል። ጥቂት እንዲህ ያሉ ስሕተቶች ሲደመሩ የውሉን ገደብ ወደ ወዲያ ወይም ወደ ወዲህ ያሻግራሉ።

6. ጊዜው የሚናገረው

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። 700 ኪሎ ሜትር ለሚረዝም ገመድ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 7 ሚሊ ሰከንድ ነው። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ በቆመ ሳተላይት በኩል ግን አንድ ደርሶ መልስ ያንን ከፍታ አራት ጊዜ ስለሚያቋርጥ ከ477 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም፤ በተግባር 600 አካባቢ ይገኛል። ከናጊዮስ ጋር በሚመጣው የናሙና ውቅር ላይ የአደጋው ገደብ 500 ሚሊ ሰከንድ ነው። ይህንኑ ገደብ ለቪሳት ቅርንጫፍ የገለበጠ ባለሙያ ጤነኛውን መስመር ዕለት ተዕለት ቀይ ሆኖ ያየዋል፤ ጥቂት ቆይቶም ቀዩን ማየት ይተዋል። ገደብ የሚወጣው ለእያንዳንዱ መስመር ከራሱ የሁለት ሳምንት ልማድ ተነሥቶ ነው።

ጊዜው መንገዱንም ያሳብቃል። 8 ሚሊ ሰከንድ የነበረ ቅርንጫፍ በድንገት 600 ከሆነ «ይሠራል» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ፋይበሩ ተቆርጦ ወደ ሳተላይት ዞሮ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው የራውተሩ የራሱ ምላሽ ብቻ ሲዘገይ መደንገጥ አያሻም። ራውተሮች የሌላውን ትራፊክ በፍጥነት እያሳለፉ ለራሳቸው የመጣውን የማሚቶ ጥያቄ ወደ ኋላ ሊያቆዩት ይችላሉ፤ ከጀርባው ያለው መሣሪያ በጊዜው ከመለሰ መስመሩ ደህና ነው።

የፓኬቱ መጠንም ይመረመራል። ትንሹ ፒንግ እያለፈ የባንኩ ፕሮግራም የሚንጠለጠልበት መስመር ብዙ ጊዜ ትልልቅ ፓኬቶችን የሚጥል ነው። በቀን ጥቂት ጊዜ፣ መቆራረጥ ተከልክሎ፣ 1,472 ባይት የያዘ ፒንግ መላክ ከነራስጌው ሙሉውን 1,500 ባይት ይፈትናል፤ በፒፒፒኦኢ በሚገናኝ መስመር ላይ ግን ልኩ 1,464 ነው።

7. የደኅንነት ጥያቄ

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የታዩት፣ ኢላማቸውን በማሚቶ ምላሽ ጎርፍ የሚያጥለቀልቁት ስመርፍን የመሰሉ ጥቃቶች ብዙ አስተዳዳሪዎችን አይሲኤምፒን በጅምላ ወደ መዝጋት መርተዋል። የጅምላ መዝጋት ክትትሉን ብቻ ሳይሆን «ፓኬቱ ከመስመሩ ይበልጣል» የሚለውን የዓይነት 3 ኮድ 4 መልእክትም ያፍናል፤ ከላይ የተጠቀሰውን የትልልቅ ፓኬቶች ችግርም ራሱ ይፈጥራል። የሚመከረው የማሚቶ ጥያቄን ከሁለቱ የመለኪያ ነጥቦች አድራሻ ብቻ መቀበል፣ መጠኑን መገደብ፣ የስሕተት መልእክቶችን ግን ማሳለፍ ነው።

8. መደምደሚያ

አብዛኛው የክትትል ሰሌዳ ሁለት ቀለም ብቻ አለው፤ ከላይ የቀረበው ትንታኔ ግን ቢያንስ ሦስት ሁኔታ እንዳለ ያሳያል፦ ቅርንጫፉ ይታያል፣ ወድቋል፣ ሁኔታው አይታወቅም። ሦስተኛውን በሁለተኛው ስም መመዝገብ ባለሙያን ያለ ምክንያት መንገድ ያስወጣል፤ በመጀመሪያው ስም መመዝገብ ደግሞ ደንበኛን ያለ አገልግሎት ያስቀምጣል። በወሩ መጨረሻ በሚወጣው የተገኚነት ሪፖርት ላይ «አይታወቅም» የተባለው ጊዜ ራሱን ችሎ ሊሰፈር ይገባል፤ ያ ቁጥር ሲያድግ መታረም ያለበት መጀመሪያ የመለኪያው ንድፍ ነው። ከአንድ ነጥብ ወደ አንድ አድራሻ በተላከ ፒንግ ላይ ብቻ ተመሥርቶ አገልግሎት ሰጪን መክሰስም ሆነ ማመስገን በማስረጃ አይቆምም።