ያረጀ ሐውልት ባለቤቱ ማን ነው?

ማኅበራችን አሥረኛ ዓመቱን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ስለ ጡብና ስለ ነሐስ ማንሣት ምን አመጣው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን ከደጃችን የራቀ አይደለም። ካልጋሪ እ.ኤ.አ. በ1988 የክረምቱን ኦሎምፒክ ስታስተናግድ፣ አሸናፊዎች ሜዳልያ የሚቀበሉበት አደባባይ በመሐል ከተማ ተሠርቶ ነበር። ነዋሪውም 19 ዶላር ከ88 ሳንቲም እየከፈለ ስሙን በጡብ ላይ አስጽፎ በአደባባዩ አስነጥፏል። አደባባዩ አርጅቶ እንደገና ሊሠራ ሲወሰን፣ «ጡባችንስ ምን ሊሆን ነው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም።

ያረጀው ይታደስ ወይስ ይነሣ የሚለው ክርክር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ አዲስ አበባ ላይ ተመረቀ። ፋሺስት ኢጣልያ ከተማዋን በያዘች ጊዜ የዓድዋን ድል አስታዋሹን ፈረሰኛ ከመቀመጫው አውርዳ ቀበረችው። ከነፃነት በኋላ ግን ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። በአንጻሩ በደርግ ዘመን ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ የቆመው የሌኒን ሐውልት አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲገረሰስ፣ ይመለስልን ብሎ የተነሣ ሕዝብ አልታየም። እንግዲህ ሐውልትን የሚያቆየው የዕድሜው ማነስ ወይም መብዛት ሳይሆን «የእኔ ነው» የሚል ባለቤት መኖሩ ነው።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች ጥይት የወደቁት ሰማዕት መታሰቢያ፣ ለከተማው ባቡር መንገድ ሲባል በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተነሣ። ይመለሳል የሚል ቃል ቢሰጥም ብዙዎች ሠግተው ነበር። ሕዝቡ ዓይኑን ስላልነቀለ ባቡሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ሐውልቱ ተመልሶ ቆመ። የእድሳትም ምሳሌ አለን። የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ከስድሳ ዓመት በኋላ ከአፍሪካ አዳራሽ ጋር ታድሶ፣ አዳራሹ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል።

እርግጥ ከተማ ሁሉን ነገር ለዘለዓለም ማቆየት አይችልም። እድሳት ገንዘብ ይጠይቃል፤ የካልጋሪ ውርጭም ጡብና ድንጋይ ይሰነጥቃል። ማንሣት ሁሉ ጥፋት ነው ማለትም አይቻልም። በመሐል ከተማችን እጃቸውን ዘርግተው የቆሙት አሥሩ የአሉሚኒየም ሰዎች፣ የማሪዮ አርመንጎል ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በሞንትሪያል ለተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የተሠሩ ነበሩ። ከዚያ ተነሥተው እዚህ መጡ፤ የከተማችንም ምልክት ሆኑ። ተነሥቶ የተተከለ ሥራ እንደ እኛው እንደ ስደተኞች በአዲስ አፈር ሊጸድቅ ይችላል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት አንድ ሥራ ከመነሣቱ በፊት ሦስት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል። ምክንያቱ ለሕዝብ ይነገር። የሚቀመጥበት ስፍራና የሚመለስበት ጊዜ በጽሑፍ ይስፈር። መመለስ የማይችል ከሆነም ፎቶግራፉና ታሪኩ በመዝገብ ይቀመጥ። ይህ ሳይሆን «ለጊዜው ነው» ተብሎ የተነሣ ነገር እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። እኛም የዚህች ከተማ ግብር ከፋዮች ነን፤ ልጆቻችንም ተወላጆቿ ናቸው። የማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት ስለ አደባባዮች የሕዝብ አስተያየት ሲጠይቅ ወንበሩን ባዶ አንተው። በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ማኅበራችን ልጆቻችንን እየያዘ ሐውልቶቹን ቢያስጎበኝና ታሪካቸውን በአማርኛ ጽፎ ቢያስቀምጥ፣ ነገ «ይህ የማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ትውልድ ይኖረናል።