ባል ሲሞት ቤቱ የማን ነው? የሚስት ግማሽ ውርስ ሳይሆን የራሷ ንብረት ነው

አርባው እንኳን ሳይወጣ የሟች ወንድም ይመጣና «ካርታው የታለ?» ይላል። እናት ዝም ትላለች፤ ካርታው ላይ ያለው የባሏ ስም ብቻ ነዋ። ታቦርም ይሁን መናኸሪያ፣ ሀዋሳ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። መብቷን ባለማወቅ ብቻ ፈርማ የምትወጣ ሴት አለች። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ሴቭ አድርጉት፣ ማንበብ ለማትችል እናትም አንብቡላት።

👉 ሚስት ወራሽ ናት?

ኑዛዜ ከሌለ፣ አይደለችም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የመጀመሪያ ወራሾች የሚላቸው ልጆችን ነው። ሚስት ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ይህን የሰማ ሰው «በቃ፣ ምንም የላትም ማለት ነው» ይላል። ተሳስቷል።

ከውርስ በፊት የሚመጣ ሌላ ሕግ አለ፤ የቤተሰብ ሕግ። በትዳር ውስጥ በሁለቱ ጥረት የተገኘ ንብረት የጋራ ነው። በባል ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ «የግሉ ነው» የሚል ሰው ማስረዳት አለበት። ትዳሩ በሞት ሲያበቃ መጀመሪያ ዕዳ ይከፈላል፣ ከዚያ የጋራ ንብረቱ እኩል ለሁለት ይከፈላል። ግማሹን የምትወስደው ወርሳ አይደለም፣ ድሮም የራሷ ስለሆነ ነው። ለውርስ የሚቀርበው የሟች ግማሽ ብቻ ነው።

ይህ በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የሰፈረ ነው። ሀዋሳ በደቡብ ክልል ሥር ሳለች በ1996 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 75/1996) መሠረቱ ተመሳሳይ ነው። ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ፍርድ ቤት ስትሄዱ የትኛው አንቀጽ እንደሚጠቀስ የሕግ ባለሙያ ጠይቁ።

👉 በቁጥር እንየው

በትዳር ውስጥ የተሠራ ቤት 4 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል። ዕዳ የለም፣ ልጆች 4 ናቸው።
• የሚስት የራሷ ድርሻ፦ 2 ሚሊዮን ብር
• የሟች ድርሻ፦ 2 ሚሊዮን ብር። ይህ ለልጆቹ እኩል ይከፈላል፣ ለእያንዳንዱ 500 ሺህ ብር።

ሴት ልጅ ከወንድ እኩል ትወርሳለች። ከትዳር ውጭ የተወለደም ሆነ በጉዲፈቻ ያደገ ልጅም እንዲሁ። ልጅ ካለ የሟች እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት ከውርሱ አይካፈሉም። ልጅ ከሌለ ግን የሟች ግማሽ ወደ እናቱና አባቱ ይሄዳል። የሚስት ግማሽ ያኔም አይነካም።

👉 የባል የግል ንብረትስ?

ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ ወይም በትዳር ላይ ሳለ በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘው የግሉ ነው፤ ወደ ወራሾቹ ይሄዳል። ነገር ግን በትዳሩ ጊዜ ከዚያ ንብረት የተገኘ ገቢ፣ ለምሳሌ ኪራይ፣ የጋራ ነው።

ባል ለሚስቱ ከራሱ ድርሻ መስጠት ከፈለገ መንገዱ ኑዛዜ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተጽፎ፣ ቀን ተደርጎበት፣ በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ወዲያው ሊፈረምበት ይገባል። የእሷን ግማሽ ግን ለማንም መናዘዝ አይችልም።

👉 የጋብቻ ወረቀት ከሌለስ?

በባህል ወይም በሃይማኖት የተፈጸመ ጋብቻ ከማዘጋጃ ቤቱ እኩል ነው። ወረቀት ከሌለ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያ እንደሚያውቃቸው በምስክር ማስረዳት ይቻላል። ሳይጋቡ አብረው ለኖሩ ደግሞ በፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 3 ዓመት ከሆናቸው ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል።

👉 ሽማግሌና ሸሪዓ ፍርድ ቤት

የሶንጎ ሽማግሌዎች ወይም ዘመዶች ቢያስታርቁ ጥሩ ነው፤ እሷ ከተስማማች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ አንዲት ሴት ያለፈቃዷ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የታየባት የውርስ ክርክር ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሏል። «የወንድሙን ሚስት ወንድም ይውረስ» የሚባለውም ያለ እሷ ሙሉ ፈቃድ ሕገ ወጥ ነው።

👉 ምን ይደረግ?

1. ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ።
2. የጋብቻ ወረቀት፣ ካርታ፣ የግንባታ ደረሰኝ፣ የባንክ ደብተር ሰብስቡ። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለሚታመን ሰው ላኩ።
3. ለልጆቹ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጡ። አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት በሕይወት ያለችው እናት ናት።
4. በሟች ኤቲኤም ወይም ሞባይል ባንኪንግ ብር አታውጡ። ኋላ ያስጠይቃል።
5. ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ በተለይ ውክልናና «ድርሻዬን ትቻለሁ» የሚል።
6. አትዘግዩ። ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ በይርጋ ሊታገድ ይችላል።
7. ጡረታን አትርሱ። ሟች የጡረታ መብት ካለው አበሉ የውርስ ንብረት አይደለም፤ ለሚስት 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይታሰባል።

ለጠበቃ ብር የሌላት ሴት በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ መጠየቅ ትችላለች። የዳኝነት ክፍያ ካቃታትም በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል።

አባታችሁ በሕይወት ካለ ደግሞ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ጠይቁት፦ ካርታው ላይ የእማዬ ስም አለ?