«አባ ሰንጋ» እና «ብግነት»፦ የሁለት የሕክምና ቃላት ታሪክ

ካዛንቺስ የሚለው ስም በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ያሠራ ከነበረው ተቋም ምኅጻረ ቃል የመጣ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከሰፈሩ ቤቶች ብዙዎቹ ሲፈርሱ ስሙ በሕዝብ አንደበት ጸንቶ ቀርቷል። ቃል ከተሰየመበት ነገር ይልቅ ዕድሜ አለው፤ የተሳሳተ ፍቺም እንዲሁ ዘመን ይሻገራል። በካዛንቺስና በቂርቆስ ሰው ለበዓል ቅርጫ ሲገባ ስሙን ደጋግሞ የሚያነሣው ሰንጋ፣ የአንድ ከባድ በሽታ መጠሪያም ሆኗልና ነገሩን መመርመር ይገባል።

ግሪኮች በሽታውን «ከሰል» ብለው የሰየሙት ቁስሉ መካከሉ ስለሚጠቁር ነው። አማርኛ ግን «አባ ሰንጋ» ሲል ወደ ከብቱ ያመለክታል። የበሽታው መንሥኤ ባክቴሪያ መሆኑን ሮበርት ኮክ ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። ሰው የሚለከፈው የታመመ ወይም የሞተ ከብት ሲገፍ፣ ሥጋውን ሲበላ፣ አልፎ አልፎም ዘሩን ከአየር ሲስብ ነው።

«ብግነት» «በገነ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ «አንጀቴ በገነ» እንደሚባለው መቃጠልን ያሳስባል። ሮማዊው ኬልሱስ በ1ኛው መቶ ዓመት የዘረዘራቸው ምልክቶች መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋልና ሕመም ነበሩ። ስለዚህ ቃሉ ለአብዛኛው ሁኔታ ተስማሚ ነው።

አባ ሰንጋ ግን ከዚህ ያፈነግጣል። ቆዳ ላይ የሚወጣው ቁስል ዙሪያው ያብጣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የባክቴሪያው መርዝ ሦስት ክፍል አለው፤ አንዱ ወደ ሕዋስ መግቢያ ይከፍታል፣ ሁለተኛው ውሃ እንዲቋጠር ያደርጋል፣ ሦስተኛው የተከላካይ ሕዋሳትን መልእክት ይቆርጣል። ባክቴሪያው በደም ውስጥ ሲራባ ደም ሥሮች ያፈሳሉ፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ይህ ደረጃ በተለምዶ «የደም መመረዝ» ይባላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ ፍቺ እንደሚለው ለሕይወት የሚያሰጋው የአካል ክፍሎች ጉዳት የሚመጣው ሰውነት ለልክፈቱ የሚሰጠው ምላሽ ሥርዓት ሲያጣ ነው።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በሽታ ሁሉ ያቃጥላል ብሎ የሚያምን ሰው የማያም ቁስሉን ንቆ ከጤና ጣቢያ ይዘገያል፤ በሽታው ግን በጊዜ ከተደረሰበት በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይድናል። ስለዚህ መዝገበ ቃላት «ብግነት»ን «የሰውነት የመከላከል ምላሽ» ብሎ ቢፈታ፣ ሕመምን የግድ አስፈላጊ ምልክት ባያደርግ፣ በ«አባ ሰንጋ» ሥርም «ቁስሉ ላያም ይችላል» የሚል ቢጨምር መልካም ነው።