ጣርማበር ላይ አየሩ ይሳሳል

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ያንቀሳቀሰው ጦር ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎች ነበሩት። የታሪክ መጻሕፍት ስለ ዝናቡና ስለ ጭቃው፣ ጣርማበር ላይ ኢትዮጵያውያን ስላፈረሱት መንገድ ይነግሩናል። ሰልፉ መንገዱ እስኪጠገን ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። እኔ ግን ኢንጂነሪንግ ስለተማርኩ ይሁን አላውቅም፣ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ማንም የማይጠራው ሌላ ነገር ይታየኛል፦ አየሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ቤንዚኑ ከበዛ እንደ እርጥብ እንጨት ይጨሳል፤ አየሩ ከበዛ ሞተሩ ይግላል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ዳገት ላይ ጉልበት ስለሚፈለግ ካርቡራቶሩ ሆን ብሎ ቤንዚኑን ጨመር ያደርጋል፤ ለአንድ ኪሎ 13 ኪሎ ገደማ አየር።

ችግሩ ካርቡራቶር አየር አይመዝንም። አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ የሚፈጥረውን ስበት ተከትሎ ብቻ ነው ቤንዚን የሚለቀው። 3,000 ሜትር ላይ ያው አንድ ሊትር አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ክብደት ሦስት አራተኛውን ብቻ ይይዛል። ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ሒሳቡን ስሠራው፣ ምጽዋ ወደብ ላይ 13 ላይ የተስተካከለ ካርቡራቶር ጣርማበር ሲደርስ ወደ 11 ይወርዳል። ማለትም ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ የሚያቃስት ሞተር።

ናፍታ የሚጠጡትም አላመለጡም። የዚያን ጊዜ የናፍታ ፖምፓ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ የተነገረውን ያህል ይረጫል፣ ትርፉም ጭስ ይሆናል።

መንገዱን ደግሞ አስቡት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ። መኪና ይህን ሁሉ በአንድ ዳገት ይወጣዋል። ሰልፉን ያቆመው የሰው እጅ ነው፤ የአየሩ መሳሳት ብቻውን አላቆመውም። ግን እያንዳንዱ ሞተር እዚያ የደረሰው ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ለተራራው ገብሮ ነው። የሸዋ ነገሥታት አንኮበርን መቀመጫ ያደረጉት በዚሁ ገደል አፋፍ ላይ ነበር። ቆላውን ቁልቁል የሚያሳያቸው፣ ከታች የሚመጣውን ጠላት የሚያደክምላቸው ከፍታ፣ ለሞተር ዘመንም ሥራውን አልተወም።

ጣልያን በኋላ ጣርማበርን በዋሻ በስቶ መንገድ አወጣ፤ በ1933 ሲባረር ዋሻውም ቃላቱም ቀሩ። ካርቡራቶር፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ፖምፓ፦ ዛሬም ጋራዥ ውስጥ የምንሰማቸው የጣልያን ቃላት ናቸው። ዕውቀቱ ግን የኛ ሆነ። ካርቡራቶር ያላት አሮጌ መኪና ስትመጣ መካኒኩ ካንዴላውን ነቅሎ ቀለሙን ያያል፤ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጣ ካለ አንሷል፣ ቀለል ያለ ቡኒ ከሆነ ተስተካክሏል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ የተስተካከለች መኪና ወደ ሮቢት ስትወርድ ደግሞ ቤንዚን እንደሚያንሳት፣ እንደምትግል ያውቃል። ቀመሩን አይጽፍላችሁም፣ መልሱን ግን ይነግራችኋል።

የዛሬ መኪና ይህን ለኮምፒውተር ሰጥቶታል። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ሴንሰር የተረፈውን ኦክስጅን ያያል፣ ፕሮግራሙ ቤንዚኑን ይቀንሳል ወይም ይጨምራል፣ እንደገና ያያል። የኔ ሥራ ኮድ መጻፍ ስለሆነ ይህን ዑደት እወደዋለሁ። ግን አትታለሉ፦ ኮድ ሚዛን ይጠብቃል እንጂ አየር አይፈጥርም። ቱርቦ የሌላት አዲስ መኪናም ደብረ ብርሃን ላይ ሩብ ያህል ጉልበቷን ታጣለች። እንግዲህ ዳገቱ ላይ መኪናችሁ ስትለግም ቶሎ «ተበላሸች» አትበሉ። በ1928 ያን ሁሉ መኪና ያስገበረው ተራራ እናንተንም እያስገበረ ይሆናል።