ያላለቀው ግንብ

ስለ አሮጌ ከተሞች ስናነብ ዓይናችን የሚያርፈው ባማረው ላይ ነው። እስቲ ዛሬ ደግሞ ሳያልቅ የቀረውን እንይ።

በኢጣሊያ፣ በቶስካና ኮረብታ ላይ የተቆረቆረችውን ሲየናን ከ1287 እስከ 1355 እ.ኤ.አ. «ዘጠኙ» የተባሉ፣ አብዛኞቹ ነጋዴዎችና ባለ ባንኮች የሆኑ ሹማምንት ገዟት። የመንግሥቱን አዳራሽ አሠሩ። በ1338 እና በ1339 አምብሮጆ ሎሬንዜቲ የመልካምንና የክፉን አስተዳደር ፍሬ ግድግዳው ላይ ሣለላቸው፦ በአንዱ በኩል ገበያው ደርቷል፣ ጭፈራው ደምቋል፤ በሌላው ፍትሕ ታስራ ወድቃለች።

በዚያው በ1339 ካቴድራላቸውን ሊያሰፉ ተነሡ። ነባሩ ሕንፃ የአዲሱ ክንፍ ብቻ እንዲሆን ነበር ሐሳባቸው። በ1348 ግን ጥቁሩ ሞት ገባ፤ አሠሪውም ሠሪውም ረገፈ። በ1355 ሕዝቡ ከመኳንንቱ ጋር ተነሥቶ ዘጠኙን ጣላቸው። የተጀመረው ግንብም ጉድለቱ ታየና በ1357 ሥራው ተተወ። ጣሪያ አልባው ግድግዳ እስከ ዛሬ ቆሟል።

እንግዲህ ሥዕሉ የሚነግረን ገዢዎቹ ራሳቸውን እንዴት ማየት ይወዱ እንደነበር ነው። ግንቡስ? ድንጋይ ጠራቢውና ኖራ አቡኪው ሲያልቅ የጌቶች ዕቅድ ወሬ ሆኖ እንደሚቀር ይነግረናል። ስሙን ማንም አልጻፈለትም፤ ባዶ የቀረው ቦታ ግን ይመሰክርለታል። እኛም ታሪክ ስናነብ ይኸን ባዶ ቦታ ማንበብ እንልመድ።