የጤና መድህን ደመወዝ ለሌለው፦ ከቢቸና እስከ ሞጣ

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በኢትዮጵያ በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍለው በመንግሥት ጤና ተቋማት የሚታከሙበት ሥርዓት ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ ከእነማይ ወረዳዋ ቢቸና ተነስቶ እስከ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ለሚኖረው ሰው በአብዛኛው የተሠራለት መድህን ይኸው ነው፦ ለጤፍ አምራቹ፣ ለልብስ ሰፊው፣ ለባጃጅ ሾፌሩ፣ ለጠላ ሻጯ።

ለተቀጣሪው ሌላ ሕግ ወጥቶለታል። በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የታሰበው ማኅበራዊ የጤና መድህን ከሠራተኛው ደመወዝ 3 ከመቶ፣ ከአሠሪውም ያንኑ ያህል እንዲሰበሰብ የታቀደ ሲሆን፣ ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ ደጋግሞ ተራዝሟል። ዕቅዱ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ድርጅቶች የሚመለከት ነበር። ሦስት ወጣቶች ተደራጅተው የከፈቱት የብረታ ብረት ቤት ታዲያ ከገበሬው ጋር በአንድ ቋት ይገባል። ግማሹን የሚከፍልለት አሠሪ የለውም።

የማኅበረሰብ አቀፉ መድህን የሙከራ ትግበራ በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ተጀመረ። ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ተመረጡ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሚመለከታቸው ቤተሰቦች 48 ከመቶው አባል ሆኑ፤ በፈቃደኝነት ለሚገባ መድህን ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። አጥኚዎችም አባልነት የተመላላሽ ሕክምና ተጠቃሚነትን ከ30 እስከ 41 ከመቶ እንደጨመረ አሳይተዋል።

ለዓመታት በስፋት ሲሠራበት የቆየው መዋጮ ለገጠር ቤተሰብ 240፣ ለከተማ 350 ብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተመኑ ጨምሯል። 350 ብር ለወር ሲካፈል 30 ብር እንኳ አይሞላም። የሚከብደው ታዲያ መጠኑ ብቻ አይደለም፤ ሙሉው ገንዘብ በአንድ ጊዜ በእጅ መገኘቱም ጭምር ነው። ገበሬው እህሉ ከአውድማ ሲገባ ስለሚሸጥ መዋጮው የሚሰበሰበው አዝመራን ተከትሎ ነው። የባጃጅ ሾፌሩ ግን አዝመራ የለውም። ዕለት ያገኘውን ለነዳጅ፣ ለጎማና ለቤት ወጪ ሲያካፍል ይውላል። ዕድር እንኳ የሚሰበስበው በየወሩ ነው።

አባል የሚሆነው ቤተሰቡ እንጂ ግለሰቡ ብቻውን አይደለም፤ የታመመው ብቻ ተመዝግቦ ጤነኛው ቢቀር ቋቱ ባዶ ይቀራልና። ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ግን ተጨማሪ ይከፈላል። መክፈል ለማይችሉት ድሆች ክልሉና ወረዳው ይሸፍናሉ። በዚህ ረድፍ መካተት የሚወሰነው በቀበሌ ነው፤ ድሃ ተብሎ ከሚመዘገበው ጥቂት ብቻ ከፍ ያለው ሰው ግን ሙሉውን ይከፍላል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

የአባልነት ደብተር የያዘ ሰው መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ሪፈር ሲጻፍለት ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ያልፋል። በሙከራው ደንብ ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የገባ አባል ወጪውን ግማሽ ከራሱ ይከፍል ነበር። መድኃኒቱ በተቋሙ ከጠፋ ደግሞ ታካሚው ከግል መድኃኒት ቤት ይገዛል፤ መዋጮውን ከፍሎም ኪሱን ይዳስሳል። መነጽርም በመድህኑ አይሸፈንም፤ ለልብስ ሰፊ ግን መነጽር እንደ መርፌው የሥራ ዕቃ ነው።

ለንጽጽር፣ ሩዋንዳ በ2011 እ.ኤ.አ. ለጤና መድህኗ ቤተሰቦችን በኑሮ ደረጃ ከፋፍላ ለአንድ ሰው በዓመት ከ2,000 እስከ 7,000 ፍራንክ እንዲከፈል ወስናለች፤ የዝቅተኛዎቹን መንግሥት ይሸፍናል። በነፍስ ወከፍ መቁጠሩ ስምንት ልጅ ያለውን ገበሬ ስለሚጎዳ የኢትዮጵያው በቤተሰብ መሆኑ ይሻላል። በ350 ብሩ ተመን ሁሉንም እኩል ማስከፈሉ ግን በቢቸና ገበያ ጅምላ እህል ነጋዴውንና ከአጠገቡ ቡና የምታፈላውን ሴት አንድ ዓይነት ደረሰኝ ያስይዝ ነበር።